ቀስ ብሎ የሚሞላ ውሃ

መጀመሪያ የውሃ በሩን የጣውላ ማስገቢያ ጭቃ በጣቶቿ ትጠርጋለች። ከዚያ አንድ ጣውላ ታስገባና በመዶሻ መታ መታ ታደርገዋለች። በመጨረሻ ክፍተቱን በሸክላ አፈር ትደፍናለች። የረግረጉ ውሃ አንድ ጣት ያህል ከፍ ይላል።

የአእዋፍ ጥብቅ ሥፍራው ጠባቂ ናት። የወንድ ቦት ጫማ ታጠልቃለች፤ ዓይኗ ረግረጉ ዳር ካለው ቪላ አይነቀልም።

"የወንድሜ ነው። ውሃውን አድርቆ ሠራው፤ ጫጩቶቹ ጭቃ ላይ አለቁ። ብለምነው፣ 'እህትዓለም፣ ወፍ ኪራይ አይከፍልም' ብሎ ሳቀብኝ።"

"ታዲያ ለምን በአንዴ አትሞዪውም?" አልኳት።

"የምን በአንዴ! ጎጆዎቹ ይሰምጣሉ። ቀስ ካለ ግን ወፎቹ ጎጇቸውን እየደረቡ ከፍ ያደርጋሉ። ቪላ ከፍ አይልም።"

ይህን ለምታነቡ ለእናንተም አደራ አላት፦ "በቪላው በኩል ካለፋችሁ፣ ምንጣፉ ረጥቦ እንደሆነ አይታችሁ ንገሩኝ።"