ከጥቁር ኮርማና ከጥቁር ላም

ደርግ በወደቀ ማግስት በሐመር አገር ዲመካ ገበያ የከብት ንግድ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሽ ወርቁ የላም አፍ ከፍተው ዕድሜዋን እንዳውቅ ጥርስ አስቆጠሩኝ። «ሻጩ የሚያወድስልህ ቀለሙን ነው። አንተ ጥርሱን እይ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ «ዥጉርጉር» ብዬ የማልፈውን ከብት ሐመሮች በስንት ስም ይለዩታል።

በሦስተኛው ዓመት ከአንድ ሽማግሌ ጥቁር ኮርማና ከእሱ ያረገዘች ጥቁር ላም ገዛሁ። ላሚቱ ቀይ ጥጃ ወለደች። ተታለልኩ ብዬ ከምኖርበት ከጂንካ ዲመካ ድረስ ሄጄ ጮህኩ። ሽማግሌው በአስተርጓሚ መለሱልኝ፦ «የላሚቱ እናት ቀይ ነበረች፤ የኮርማውም እናት። ቀይ ጥቁር ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ከሁለቱም ወገን የተኛው ሲገናኝ ይነሳል።» አፍሬ ተመለስኩ።

ይህን ለዓመታት ጂንካ ገበያ አወራሁት። ከሁሉ አብልጦ የሚስቅብኝ ደላላዬ ጴጥሮስ ነበር።

ከዚያ የጴጥሮስ ሚስት ማርታ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ጸጉሯ ነጭ፣ ቆዳዋ ነጭ፣ ዓይኗ ፀሐይ የማይችል፤ አልቢኖ የሚሏት። ማርታ ፈረንጅ የሚያርፍበት ሆቴል ልብስ ታጥብ ስለነበር፣ የጴጥሮስ ወንድሞች «የቱሪስት ልጅ ናት፤ ማርታን ወደ ወላጆቿ ስደዳት» አሉት።

«እኔ ጥቁር፣ እሷ ጥቁር። ይቺ ከየት መጣች?» አለኝ ጴጥሮስ።

«ከሁለታችሁ።»

«እኔ ከብት ነኝ እንዴ?»

«ከብቱንማ ስትስቅበት ገብቶህ ነበር!»

ምን ላድርግ፣ እየጎተትኩ የባዮሎጂ መምህሩ ሰለሞን ዘንድ ወሰድኩት። መምህሩ ጠመኔ አንስቶ አስረዳን። ሰው አርባ ስድስት ክሮሞሶም አለው፤ ሃያ ሦስቱ ከእናት፣ ሃያ ሦስቱ ከአባት። ዘረመል የሚባለው እዚያ ላይ ነው። ለቆዳ ቀለም ከእናትና ከአባት ከሚመጡት ሁለት ዘረመሎች አንዱ ደህና ከሆነ ይበቃል፤ ጴጥሮስና ማርታ ግን እያንዳንዳቸው አንድ የማይሠራ ደብቀው ይዘዋል። ልጅቷ ሁለቱንም የማይሠሩትን ወሰደች። «ዕድሉ ከአራት አንድ ነው» አለ።

«ከዘሬ ማንም ነጭ የለም» አለ ጴጥሮስ።

«ሳይታይ ስንት ትውልድ ይጓዛል!»

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? መንገድ ላይ «ስማ፣ ከአራት አንዱ ወጣልህ። የሚቀጥሉት ሦስቱ አያሰጉህም» አልኩት። ጴጥሮስ በዚህ ቃል ተጽናንቶ ማርታን ከቤቱ ሳያስወጣ አቆያት።

ሁለተኛዋም ልጅ እንደ እህቷ ሆና ተወለደች።

ጴጥሮስ ገበያ መሀል አንገቴን ያዘኝ። «የታሉ ሦስቱ?» አንዱ ከዳር «ቱሪስቱ ተመልሶ መጣ!» ብሎ ገበያውን አሳቀው። ወደ መምህሩ በረርኩ።

«ጋሼ፣ እኔ እንደዚያ ብያለሁ?» አለ መምህሩ ተናዶ። «ዕጣው ከወጣ በኋላ ወረቀቱ ተመልሶ ይገባል! በእያንዳንዱ እርግዝና እንደገና ከአራት አንድ ነው። ሁለት አይደለም፣ አራትም በተከታታይ ሊሆን ይችላል።»

ይህን ይዤ ስደርስ ጴጥሮስ የማርታን ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ በር ላይ አስቀምጦታል። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። የመምህሩን ቃል ደገምኩለት። አልሰማኝም፤ የከረጢቱን አፍ ያስር ነበር።

እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቃት ማርታ ትንሿን ታቅፋ ብቅ አለች። «ግማሹ ከእኔ ነው አሉ፤ ግማሹስ ከማን ነው? ለአንተም ከረጢት አምጣ። እኔ ስወጣ አንተም አብረህ ትወጣለህ» አለችው።

ጴጥሮስ ቆሞ ትንሿን አያት። ልጅቷ ከብርሃኑ ፊቷን ስታዞር ጎንበስ ብሎ በጥላው ከለላት። ከዚያ ከረጢቱን አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባው።

በሳምንቱ ወደ ወይጦ ገበያ ስወርድ ጴጥሮስ «ጠርዙ ሰፊ ባርኔጣ ካየህ፣ የልጅ፣ ሁለት» አለኝ።

ለሌላ ሰው ስታስረዱ እነዚህን ሁለቱን አትዝለሉ፦ ልጅ ከሁለት ሰው ነው፤ ዕጣውም በእያንዳንዱ እርግዝና አዲስ ነው። እኔ ሁለተኛውን በመዝለሌ አንዲት ሴት ከቤቷ ልትወጣ ነበር።