ሦስት ጆንያ ዱቄት

ጣሊያን ቡሬ ሰፍሮ በነበረበት ዘመን፣ በግንቦት፣ አንድ ሹማቸው አስተርጓሚ አስከትሎ ቤታችን መጣ። ላሞቻችን ለወታደሩ ቀለብ እንደሚፈለጉ ነገረንና በምትካቸው በአህያ ያስጫነውን ሦስት ጆንያ ግራጫ ዱቄት አራገፈልን። ይህን ማሳው ላይ በስሱ ከበተናችሁት ፍግ አያሻችሁም፤ ፍግ ካላሻችሁ ላም ምን ያደርግላችኋል አለን። ብልጥ መሆኑ ነው።

ባሌ ከአርበኞች ጋር ጫካ ስለነበር ቤት የቀረነው እኔና አባቱ ነን። አማቴ በበጋ በረቱን እየነቀሉ በየሦስት ቀኑ ማሳው ላይ ያዛውሩታል፤ ከብቱም እዚያው ያድራል፤ እበቱ ፍግ ይሆናል። የበረቱን አጥር ስሸከም ትከሻዬ ስንቴ ተልጧል! ከማንኩሳ ወዲህ ያለው ቀይ አፈር ያለዚያ ዳጉሳም አያበቅል። ላሞቹ ከሄዱ መሬቱም አብሮ መሄዱ ነው።

እሺ ይበልጣል ከሺ ነውና አማቴ እሺ ብለው እጅ ነሡ። በማግስቱ ላሞቹን ፈረስ ቤት የሚባል አገር ላሉ ዘመዶቻቸው ሰደዷቸው። ሹሙ ሊያስነዳ ሲመጣ ሽፍታ ወሰዳቸው አሉት። አላመናቸውም። በነሐሴ ተመልሶ ማሳውን እንደሚያይ፣ ዱቄቱን ንቀን ካገኘን ላሞቹን ከገቡበት እንደሚያወጣ ዝቶ ሄደ።

አማቴ እንዳለው በስሱ በትኚው፣ ያሳርፈን አሉኝ። እኔ ግን እልኼ አላስቻለኝም። ሦስቱንም ጆንያ ማሳው ጥግ ላይ ዘርግፌ በመቆፈሪያ ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩት። ለእሳቸው በትኛለሁ ብዬ ዋሸሁ።

በነሐሴ ሹሙ ሲመጣ ጥጉ ላይ የበቀለው ዳጉሳ ዱቄቱ በዝቶበት አርሮ ደርቋል። ማን እንዳደረገው ጠየቀ። ከእኔ አፍ ቃል ሳይወጣ አማቴ እኔ ነኝ አሉ። እዚያው አስገረፋቸውና ቡሬ ወስዶ አሰራቸው። እየገረፉ ላሞቹ የት እንዳሉ ጠይቀዋቸው ነበር፤ ትንፍሽ አላሉም።

በታኅሣሥ ወገባቸው ጎብጦ፣ ጀርባቸው ተተልትሎ ተመለሱ። እግራቸው ላይ ወድቄ እኔ ነኝ ያስገረፍኩዎ አልኳቸው።

“አውቃለሁ” አሉ። “ላሞቹስ ደህና ናቸው?”

ደህና መሆናቸውን ነገርኳቸው።

“ታዲያ ምን ያነፋርቅሻል?”

ጣሊያን ሲወጣ ላሞቹ ከነጥጆቻቸው ተመለሱ። በረቱን እንደ ወትሮው ማዛወር ጀመርን። ያ ጥግ ግን ሁለት ዓመት ጦሙን አደረ። በሦስተኛው ባቄላ ብንዘራበት ከማሳው ሁሉ በልጦ ወጣ፤ በተከታዩም ዓመት እንዲሁ። ጎረቤቱ ለካ ፈረንጁ እውነቱን ኖሯል ይል ጀመር። ደሜ ፈላ። ዱቄቱ አፈሩ ውስጥ ቆይቶ ባቄላውን እንዳፋፋው ዓይኔ እያየ ልክድ አልችልም። ግን የዚያን ሽማግሌ የተተለተለ ጀርባ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ለገራፊው ምስጋና ሲሰጥ መስማት አልሆነልኝም። ባቄላውን ጨፍጭፌ ልጥለው ማጭድ ይዤ ወረድኩ።

አማቴ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ተከትለውኝ መጡ። ማጭዱን ከእጄ ወስደው አንድ እሸት ፈለፈሉና ቀመሱት።

“ይጣፍጣል” አሉ። “ይዞት የመጣው እኛን ሊያስነቅልበት ነበር። እሱ ሄደ፣ እኛ አለን። ብዪ።”

እያለቀስኩ በላሁ። እውነትም ይጣፍጥ ነበር።