የአባቴ አጭር ጸሎት

ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ህንድ ልሄድ ነበር። ያኔ ከሶዶ ተነስቶ አውሮፕላን ለመሳፈር መጀመሪያ ቦሌ መድረስ ነበረበት ሰው፤ ከበረራው ይልቅ የሚከብደውም እሱ ነው። አንድ ሰው አጅቦኝ በአውቶቡስ ብሄድ ይበቃኝ ነበር። ግን ማን ይስማኝ! በእኛ ዘንድ ተጓዥን አለመሸኘት ለቅሶ ካለመድረስ አይተናነስም። አባቴ አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን ሚኒባስ ተከራየ፤ ንጋት ላይ ስንቆጠር አሥራ ዘጠኝ ሆንን። ትኬት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ወንበሬን ግን ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለቅቄ ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ምእመናኑም በአጭር ጸሎቱ ያውቁታል። ሌላው ሽማግሌ ከፍጥረት ሲጀምር፣ እሱ አመስግኖ፣ ለምኖ፣ አሜን ብሎ ይቀመጣል። እግዚአብሔር በሚያውቀው ነገር ለምን ሰው እናቆማለን ይል ነበር። የዚያን ዕለት ደግሞ ካረፈድን አውሮፕላኑ ጥሏት ይሄዳል እያለ፣ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ በመዳፉ ይዞ ነው የተሳፈረው።

ቦዲቲ ላይ አክስቴ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ህንድ በርበሬ የለም ያላት ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ጠርሙስ ዳጣ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝና ባዕድ አገር የሚበላ አጥቼ እንዳልከሳ ትጸልይልኝ ጀመር። ገና ወደ ጤናዬ ሳትደርስ አባቴ በመስኮት አሜን ብሎ አቋረጣትና ሾፌሩን ንዳ አለው። አክስቴ የቀረውን ከሚኒባሱ ጎን እየሮጠች ጨረሰችው። ሃላባ ስንደርስ ከሩቅ ትራፊክ ታየ፤ ትርፍ የሆነ ሁሉ ዝቅ ይበል ተባለ። እነዚያ የተከበሩ ሽማግሌዎች በየወንበሩ ሥር ተሸጉጠው ሳቅ ሲያፍናቸው የሰማሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ምሳም ወርዶ መብላት ተከልክሎ መኪናው ውስጥ በላን።

እንዲያም ሆኖ መንገድ ላይ ጎማ ተንፍሶብን ቦሌ አርፍደን ደረስን። ጥበቃው ትኬት የሌለው አያልፍም አለ። አሥራ ስምንቱም መኪና ማቆሚያው ላይ ከበቡኝና እጃቸውን ጫኑብኝ። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ሊጸልዩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ አባቴ እኔ ልጸልይ፣ በሁለት ደቂቃ እጨርሳለሁ አለ። እፎይ አልኩ።

ጥበቃውም እንዲሰማ ብሎ በአማርኛ ጀመረ። ለአብራሪው ጸለየ። ለረዳት አብራሪው ጸለየ። ለክንፉ፣ ለጎማው፣ ምግብ ለሚያቀርቡት ልጆች። ከዚያ ወደ ወላይትኛ ገባና ስለ ህንድ ዝናብ፣ ስለ ማደሪያ ክፍሌ ቁልፍ፣ አብራኝ ስለምትኖረው ገና ስሟን ስለማናውቃት ልጅ ለመነ። ጥበቃው ኮፍያውን እንዳወለቀ ቀረ። እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ እሱ ወደ ህንድ ባቡሮች ተሻገረ።

መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ፤ ስንት ደጅ የጠናሁለት ዕድል በገዛ አባቴ ጸሎት ሊያመልጠኝ ነው። ዓይኔን ገልጬ ቀና ብዬ አየሁት። እንባው አገጩ ድረስ ወርዷል። አሜን ካለ እኔ እሄዳለሁ፤ ያን አውቆ ነበር አሜን ያላለው። ንዴቴ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

እሱን የሚያቋርጥ ስላልተገኘ እኔው ራሴ “አሜን” አልኩ።

አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ “ገና አልጨረስኩም ልጄ” አለኝ።

እጁን ከራሴ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።