ሐሚዳና "ቆላ 27"

መተማ ዮሐንስ ላይ ያገለገለ የትራክተር መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ሐሚዳን ያውቃታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጉምሩኩ ከፍ ብላ ባለችው የቆርቆሮ ሱቋ ፖምፓ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖና የማረሻ ዲስክ ስትሸጥ ኖራለች። ሰው የሚያውቅላት ሌላም ነገር አለ፤ ጥላዋንም አታምንም። አንድ ጊዜ አንድ መንገደኛ የውሸት የባንክ መልእክት በስልኩ አሳይቷት ሁለት የትራክተር ጎማ ጭኖ ሄደ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ባንክ ቤት ለምትሠራው ለፋናዬ ደውላ ገንዘቡ መግባቱን ሳታረጋግጥ ብሎን እንኳ ከእጇ አይወጣም።

የሱዳኑ ጦርነት ሲነሣ ድንበር ማዶ ካለችው ገላባት ይሻገሩ የነበሩት ገዢዎች ቀሩ። ወዲህ ያለው መንገድም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ የአብደራፊ ገበሬ እንደ ልቡ መምጣቱን ተወ። ያኔ ታናሽ ወንድሟ ሙነወር፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ መላ አመጣ።

"እታለም፣ ሰው ወደ ዕቃው ካልመጣ ዕቃው ወደ ሰው ይሂድ" ብሎ ቴሌግራም ላይ የጨረታ ግሩፕ ከፈተላት። ሐሙስ ጧት የዕቃው ፎቶ ይለጠፋል፤ ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ ከፍተኛውን ዋጋ የጻፈ ይወስዳል።

"ተጫራቹ ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?" አለችው።

"ሲከፍል ታውቂዋለሽ።"

እያጉረመረመች ጀመረችው፤ ግን ማንም እንደ እሷ አልቻለበትም። ዕቃውን በናፍጣ ታጥበዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለች፣ ዙሪያውን እያዞረች ትቀርጸዋለች። ሌላው ሻጭ የሚደብቀውን ስንጥቅ እሷ በጣቷ እያመለከተች፣ "እዚህ ጋ ተበይዷል፤ የበየደው በያጁ አዛናው ነው፤ ያላመነ እሱን ይጠይቅ" ትላለች። ይህን የምታደርገው ከደግነት አልነበረም። ነገ "ተታለልኩ" ብሎ የሚመጣባትን ሰው ዛሬውኑ አፉን መዝጋቷ ነው። ገበሬው ግን ወደደላት። በአንድ በጋ ስምንት መቶ ሰው ገባ፤ ዓመት ሙሉ አቧራ የጠጣ ብረት በሳምንት ይሸጥ ጀመር።

ግንቦት ላይ፣ ገበሬው ለሰሊጥ እርሻው ትራክተር ሲያስጠግን፣ ዋጋው ነደደ። ሐሚዳ ግን ደስታው አልዋጥላት አለ። "ቆላ 27" የሚባል አንድ ተጫራች ነበር፤ ፎቶ የለው፣ ድምፅ የለው። በየጨረታው ይገባል፣ ዋጋ ይሰቅላል፣ መጨረሻ ላይ ይለቃል። አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ይበልጥ ያሳሰባት ደግሞ አለመጠየቁ ነበር። ዕቃ የቸገረው ሰው "ጥርሱ ስንት ነው? ለየትኛው ሞዴል ይሆናል?" ይላል። ይህ ሰው ቁጥር ብቻ ነው የሚጽፈው።

ጥርጣሬዋ በቀጥታ ከመንገዱ ማዶ አረፈ። እዚያ አብዱረሕማን የሚባል መለዋወጫ ሻጭ አለ። "ዋጋዬን እያጠና ነው" አለች በልቧ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታውን በግማሽ አፏ ትመልስ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ የናፍጣ ፖምፓ ጨረታ ነበራት። ጧት ለሙነወር፣ "ይህንስ ከሰማንያ ሺህ በታች ብሸጠው ይቆጨኛል" ብላዋለች። ለይኩን የሚባል የአብደራፊ ገበሬ ሃምሳ አምስት ሺህ ጻፈ። ቆላ 27 ስድሳ አለ። ለይኩን ስድሳ አምስት፣ ቆላ 27 ሰባ። ሌላ ተጫራች አልነበረም። ለይኩን በመጨረሻ ሰማንያ ሲል ቆላ 27 ጭጭ አለ።

ሐሚዳ ስልኩን ይዛ ቀረች። ያለፈው ሳምንት ሞተሪኖም ልክ እሷ በተመኘችው ዋጋ ነበር የቆመው። ምኞቷን ደግሞ አብዱረሕማን ከየት ይሰማል? የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ የማረሻ ዲስክ ለጠፈች። ለሙነወርም ሆን ብላ ቀልድ የመሰለ ዋጋ ነገረችው፤ "ሠላሳ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ካገኘሁበት ይበቃኛል" አለችው። ቅዳሜ ቆላ 27 እየገፋ እየገፋ ሠላሳ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ላይ ደረሰ። አንድ የሳንጃ ሰው መቶ ብር ሲጨምርበት ጠፋ።

እሑድ ጧት ሙነወር ከመኪናው ሥር ተኝቶ ዘይት ሲቀይር አገኘችው።

"ሙነወር፣ ቆላ 27 ማነው?"

ውጪ የቀሩት እግሮቹ ቀጥ አሉ። ቆይቶ ወጣ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ለአንቺ ብዬ ነው እታለም። ሁሉም የሚያደርገው ነው። ማን ተጎዳ?" አላት።

"ለይኩን ከማን ጋር ነበር ሲጫረት የዋለው?"

ሙነወር ወደ መኪናው ሥር ሊመለስ ጎንበስ አለ።

"ከእኔው ጋር! ከእኔው ጋር ተጫርቶ ከእኔው ገዛ። እኔ ሌባ ፍለጋ ማዶ ማዶ ሳይ፣ ለካ ሌባው ለእኔ ነው የሚሰርቅልኝ።"

"በፈቃዱ ነው የገዛው" አለ ሙነወር ተቆጥቶ።

ሐሚዳ ጥላው ወደ ሱቋ ተመለሰች። የዲስኩን ዋጋ ለሳንጃው ሰው ዝቅ አደረገችለትና ለይኩን ጋ ደወለች። "ወንድሜ፣ ፖምፓውን አስወድደንብሃል። ሃያ አምስት ሺህ ብር መመለስ አለብኝ" አለችው።

"ሴትዮ" አላት ለይኩን፣ "እንዲህ ብሎ የሚደውል ሰው ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥር እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ሌላ ሞኝ ፈልጊ!" ዘጋው። ደግማ ብትደውል አይነሣም።

ሐሚዳ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ሰውን ሁሉ በዚያ ዓይን ስታይ ኖራ፣ በዚያ ዓይን ስትታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግሥቱ በድምፅዋ ለግሩፑ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። "ቆላ 27 ገዢ አልነበረም። የእኔው ሰው ነው። እኔ አላዘዝኩትም፤ ግን የጠቀመው እኔን ነው። ከእሱ ጋር ተጫርቶ የገዛ ይደውልልኝ" አለች። የሰደባት ሰደባት፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከግማሽ በላይ ሰው ወጣ። ሙነወርን ራሷ አስወጣችው፤ እሱም አኩርፎ እግሩን ከሱቋ አነሣ።

ሰኔ ሲገባ አንድ ቀጭን ሰው ከሱቁ ደጃፍ ቆመ። ወዲያው አልገባም፤ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ መደርደሪያውን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

"ለይኩን ነኝ" አለ። "ግሩፑ ላይ የተናገሩትን ሰምቼ መጣሁ። በእግር መንገዴ ማዶ ያለውን ሰውዬ ስለ እርስዎ ጠይቄው ነበር።"

"አብዱረሕማንን? ምን አለህ?"

"'ሰላምታ ትነሣለች እንጂ የሰው ገንዘብ አትበላም' አለኝ።"

ሐሚዳ ለይኩንን ወደ ባንክ ቤት ስትወስደው መጀመሪያ መንገዱን ተሻግራ፣ ለአብዱረሕማን ሙሉ ሰላምታ ሰጥታ፣ "አፉ በለኝ" አለችው። አብዱረሕማን ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም።

ፋናዬ ገንዘቡን አዛወረች። ለይኩን በስልኩ የሒሳቡን ቀሪ ሦስት ጊዜ አየና፣ "ለመሆኑ ቆላ 27 ማን ነበር?" አላት።

ልትሸሽገው ትችል ነበር። "የእናቴ ልጅ ነው" አለችው።

ለይኩን ስልኩን ኪሱ ከተተ። "እኔ ብሆን አልናገረውም ነበር" አለ።

አሁን ግሩፑ ውስጥ ሦስት መቶ ያህል ሰው አለ። ለመጫረት የሚፈልግ ስሙንና አገሩን በድምፅ ይናገራል። ዋጋው እንደ ግንቦቱ አይነድም፤ ግን የወጣ ዕቃ ለሁለተኛ ሳምንት አያድርም። ሙነወር ወር ያህል አኩርፎ ቆይቶ ለዒድ መጣ። አብረው በሉ። እጁን እየታጠበ፣ ጥግ ላይ ያለችውን አዲስ የገባች ካምቢዮ አየና፣ "ይህችስ ስንት ታወጣልኛለች ብለሻል?" አላት።

"ሻይህን ጠጣ" አለችው ሐሚዳ።