የውዱእ ውሃ በአዋሽ ገደል ላይ

ከሎጊያ የተነሳሁት የአዋሽን ገደል በእግሬ ላየው ብዬ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሱቄ ጨርቅ ላመጣ አዲስ አበባ ስመላለስ ከመኪና መስኮት በጨረፍታ የማየው ገደል ነው። አብሮ አደጌ ዘይነባ አዋሽ ሰባት ኪሎ ምግብ ቤት አላት፤ ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን። «ታኅሣሥ ሲገባ ነይ፣ ያኔ ፀሐዩ ሰው ይሆናል» ብላኝ ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት

ፉል በዳቦ በልተን ወጣን። ባጃጁ መቶ ሃምሳ ብር ተቀብሎ ከአስፋልቱ ዳር አወረደን። ጋሽ ሐሰን የሚባሉ፣ እዚያው አካባቢ ፍየል የሚያረቡ የአፋር ሽማግሌ መንገድ ሊመሩን ቆመው ይጠብቁናል። ሁለት ትልልቅ ላስቲክ ውሃ ይዣለሁ፤ አንዱን ለቀትር ሶላት መታጠቢያ ለይቼ በሻሽ ጠቅልዬዋለሁ።

«ይኼ የዙሁር ውዱእ ነው፣ አይነካም» አልኳቸው።

«መካ የምትሄድ መስሏታል እኮ» አለች ዘይነባ ለሽማግሌው።

በገደሉ አፋፍ

መንገዱ የፍየል ነው። መጀመሪያ ግራር፣ ከዚያ ባዶ ድንጋይ፣ ከዚያ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ቆምኩ። ከእግሬ ሥር የአሸዋ ድንጋዩ ቀይ፣ ቢጫ፣ አመድማ ሆኖ እስከ ታች ተደራርቧል። ሱቄ መደርደሪያ ላይ ያለ የጨርቅ ጣቃ ይመስላል፤ ልዩነቱ ጣቃውን የደረደርኩት እኔ መሆኔ ነው። ታች አዋሽ እንደ ክር ቀጥኗል። አንድ ጭልፊት ከእኛ በታች ሲያንዣብብ ጀርባውን አየሁት። የሚበር ወፍ ጀርባ ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። «ሱብሃነላህ» አልኩ ፈጣሪን እያወደስኩ።

ጋሽ ሐሰን ድንጋዩን በጥፍራቸው ፋቁት፤ አሸዋ ሆኖ ረገፈ። «ይኼን ሁሉ ያመጣው ውሃ ነው ይላሉ» አሉ። «ውሃው ሄደ፣ ይኼ ቀረ።»

ሰባት ሰዓት አካባቢ

በፍየሎቹ መንገድ እስከ ገደሉ ወገብ ወርደናል፤ የሚጠጣው ውሃ ካለቀ ቆይቷል። ፀሐዩ የገደሉን ግድግዳ አግሎታል። ያቺ ወሬኛ ዘይነባ ዝም ካለች ብዙ ሆኗታል፤ ዓይኔ ገደሉ ላይ ስለነበር አላስተዋልኩም። በግድግዳው ጥግ ያለች ጠባብ መተላለፊያ ላይ ስትደርስ ተንገዳገደች። ጋሽ ሐሰን ክንዷን ለቀም አድርገው ከግድግዳው አስደገፏት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ወንዙ ከታች ይታያል፣ ቁልቁለቱ ግን አያስወርድም።

«ውሃሽን አምጪ» አሉኝ።

«የውዱእ እኮ ነው» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

አላመናጨቁኝም። «ልጄ፣ ለውዱእ ውሃ ላጣ አላህ አፈር ሰጥቷል። እሷ ግን አፈር አትጠጣም።»

ሻሹን ፈታሁ። ትንሽ በትንሽ አጠጣናት፣ ሻሹንም አርጥበን ግንባሯ ላይ አደረግንላት። ጥላ ሥር ጋደም ብላ ቆይታ ዓይኗ ሲመለስ «አይነካም ያልሽው ይጣፍጣል» አለችኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። መዳፌን ገደሉ ላይ አሳርፌ በአቧራው ተየሙም አደረግሁ። ድንጋዩ ይሞቃል። ያን ያህል ግዙፍ ነገር ፊት ሰግጄ አላውቅም፤ ግንባሬ መሬት ሲነካ ምን ያህል ትንሽ እንደሆንኩ ታወቀኝ።

መመለስ

እየደገፍናት በዝግታ ወጣን። በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ።

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ ነበር እኮ የጠማኝ» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺን ፈርቼ።»

እስከ ሎጊያ ድረስ ይቺ ቃል አልለቀቀችኝም። አላህን እፈራለሁ ስል ለካ የሚወዱኝን ሳስፈራ ኖሬአለሁ። ቤቴ ስደርስ የአስር ሶላት አዛን ይባላል። ሰግጄ እንደጨረስኩ ደወልኩላት።

«ሌላስ ፈርተሽ ያልነገርሽኝ ነገር አለ?»

የምግብ ቤቷን በር ስትዘጋው በስልኩ ሰማሁ።

«ብዙ ነው፤ ተቀምጠሻል?» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።