ጋሼ ጥለው የገዙት ፍሉት

የእናቴን ወንድም፣ ጋሼን፣ «ደግ ነበሩ» እያላችሁ አታልቅሱልኝ። ደግ አልነበሩም።

እሑድ ከሰዓት፣ ዲኬተር ከተማ ባለ መጠጥ ቤት ከአይሪሾች ጋር ጠረጴዛ ከበው፣ ስፕራይት እየጠጡ የእነሱን ዘፈን በፍሉት የሚነፉ ብቸኛው ሐበሻ እሳቸው ነበሩ። ፍሉቱን ሲገዙ አብሬያቸው ነበርኩ። ሻጩ ቁልፍ የሌላቸው፣ እንደ ዋሽንት ቀዳዳ ብቻ ያላቸው ሁለት አወጣ፤ አንዱ የእንጨት፣ አንዱ የፕላስቲክ።

«ጋሼ፣ የእንጨቱ ድምፅ ይሻላል» አልኳቸው።

«እንጨት ዘይት ቀቡኝ፣ ሙቀት ሰነጠቀኝ ይላል። እኔ አስታማሚ ነኝ?» አሉና የፕላስቲኩን ሲሚንቶው ላይ ለቀቁት። ሻጩ ደንግጦ የእንጨቱን አቀፈ። ጋሼ አንስተው ነፉት፤ ድምፁ ያው ነው። «ወድቆ የማይነሳ ቤቴ አይገባም» ብለው ገዙት።

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ስትተኛም ሊጠይቋት መጥተው ይህንኑ አሏት፤ እየሳቁ። እሷ ዎከር ተደግፋ ተነሳች።

እሳቸው ስኮትዴል ሰፈር፣ አፓርትመንታቸው በር ላይ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ሲወርዱ ወደቁ። አልተነሱም። ቤታቸውም አልገቡም፤ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ መቃብር ሄዱ።

መጠጥ ቤቱ ሄጄ ነበር። አይሪሾቹ የጋሼ ወንበር ላይ ጃኬት ከምረውበታል።

ፍሉቱ ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት ሙሉ፣ የመኪናቸው ትረንክ ውስጥ ሲጋገር ከረመ። ትናንት አውጥቼ እዚያው የወደቁበት አስፋልት ላይ ጣልኩት። ነጠረና ተንከባለለ። አንስቼ አየሁት፤ ጭረት እንኳ የለውም።

እንደገና ጣልኩት።