የመቶ አርባ ሦስተኛው ገጽ ባለቤት

ወጋየሁ የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ሲወጣለት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ደብዳቤ እየተቀበለ ሲያሰራጭ ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነው። ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የቀበሌ ቤት ከባለቤቱ ከአረጋሽ ጋር ይኖራል። ጠዋት ጠዋት፣ አረጋሽ ቁርስ እስክታቀርብ ድረስ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ ይጽፋል። አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ብቻ ይወጣዋል። እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት ፈጀበት።

ረቂቁን በታይፕ የጻፈችለት ዙሌካ ሁንዴሳ ናት። ታክሲ ማቆሚያው አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት ማመልከቻና ውል የምትጽፍ፣ ከተጠየቀችው በላይ የማትናገር ልጅ ነበረች።

በልብ ወለዱ ውስጥ የአንዲት እናት ልጅ ጦር ሜዳ ይሞታል። ወጋየሁ መርዶውን ሲጽፍ እናትየዋን ሦስት ገጽ ሙሉ አስጩኋታል፤ ደረቷን ትደቃለች፣ መሬት ላይ ትንከባለላለች። የተተየበውን ሊያርም ሲቀመጥ ግን ያ ሁሉ ጩኸት የለም። በቦታው አሥር መስመር ያህል አገኘ። እናትየዋ መርዶውን ሰምታ ዝም ትላለች። ልጇ ለፈቃድ ሲመጣ ይለብሰዋል ብላ ያጠበችውን ሱሪ ከገመድ ላይ ታወርዳለች። በእጇ ትዳብሰዋለች። እንዳልደረቀ ስታውቅ መልሳ ታሰጣዋለች። ሌላ ምንም የለም።

«ማን ፈቀደላት!» ብሎ ብድግ አለ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ደግሞ አነበበው። በስድስት ዓመት ከጻፈው ሁሉ እንደሚበልጥ ወዲያው ገባው።

ነገ እጠይቃታለሁ አለ። አልጠየቃትም። በሄደ ቁጥር የሚያወራት ስለ ነጥብና ስለ ፊደል ግድፈት ብቻ ነበር። እሷም ትንፍሽ አላለችም። ጽሑፉ እንዳለ ማተሚያ ቤት ገባ።

መጽሐፉ ተወደደ። ታክሲ ውስጥ «ደራሲው አይደሉም እንዴ?» ብለው ቦታ የሚለቁለት ሰዎች መጡ። አለቃው አቶ ቸኮል፣ ለሰላምታ እንኳ ቀና ብለው የማያውቁት፣ ከወንበራቸው ተነሥተው ጨበጡት። ከደሴ አንዲት ሴት ደብዳቤ ጻፈችለት። ሁሉም የሚያነሱት ግን ያንኑ የሱሪውን ቦታ፣ መቶ አርባ ሦስተኛውን ገጽ ነበር። ወጋየሁ አንገቱን ደፍቶ «አመሰግናለሁ» ሲል ትሕትና መሰላቸው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ወጣቶች አዳራሽ ጋበዙት። ያንኑ ገጽ አስነበቡት። ናዝሬት የምትባል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «የሱሪውን ነገር እንዴት አሰቡት?» አለችው።

«እንዲህ ያለው ነገር አይታሰብም» አለ ወጋየሁ። «ከደራሲው ውስጥ ራሱ ፈንቅሎ ይወጣል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ሲሞላ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዙሌካን አያት። አጠገቧ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት እናቷ ተቀምጠዋል። ዙሌካ እያጨበጨበች ነበር። ወጋየሁ ፊቱ ነደደ። ከመድረኩ እስኪወርድ ወጥተው ሄደዋል።

ከዚያ ወዲያ በታክሲ ማቆሚያው በኩል ማለፍ ተወ፤ በጭቃው ሰፈር ዞሮ ይሄድ ጀመር። በመጨረሻ ለአረጋሽ ነገራት።

«ለኔ ምን ይሠራልኛል?» አለችው። «ለልጅቱ ንገራት እንጂ።»

በማግሥቱ ሄደ። ዙሌካ ማመልከቻ እየጻፈች ነበር።

«በድዬሻለሁ» አላት ቆሞ። «ያን ቀን ያልኩት ውሸት ነው።»

ዙሌካ እጇን ከጽሕፈት መኪናው ላይ አላነሳችም። «እርስዎ የጻፏት እናት በጣም ጮኸችብኝ፣ ጋሽ ወጋየሁ። ጣቴ እምቢ አለኝ። ካልወደዱት ይሰርዙታል ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከቤት ነዋ። ወንድሜ ኢታና ነው የሞተው። ሱሪውን ያወረደችው እማዬ ናት።» መስመሩን ጨረሰችና፣ «አዳራሹ የመጣነው መጽሐፉ ውስጥ የኢታና ነገር አለ ስላልኳት ነው። ስንመለስ፣ ‹ሰውዬው ልጄን ያውቀው ነበር?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ገመናሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ እንዴት ልበላት?»

እናቷ ዘንድ አብረው ሄደው ሊነግሯቸው ተስማሙ።

እናትየው በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ ዱካ አስመጡለት። ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገራቸው፤ ገጹ የእሱ እንዳልሆነ፣ ኢታናንም አይቶት እንደማያውቅ። ዙሌካ መሬት መሬት ታያለች።

እናትየው በመጀመሪያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያን ቀን አይተሽኝ ነበር?»

«በመስኮት።»

ከዚያ ወጋየሁን፣ «እኔስ ልጄን የሚያውቅ አንድ ሰው ተገኘ ብዬ ነበር» አሉትና ወደ ምስራቸው ተመለሱ። አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ሁለተኛው እትም ሲወጣ ወጋየሁ፣ ዙሌካን አስፈቅዶ፣ መግቢያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፤ «መቶ አርባ ሦስተኛውን ገጽ የጻፈችው ዙሌካ ሁንዴሳ ናት።» አሳታሚው ስምህን ታጠፋለህ፣ ተወው ብሎ ለምኖት ነበር። አቶ ቸኮል አነበቡና ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰላምታ መነሣት ተዉ። ወጋየሁ አልከፋውም፤ ይልቅ እንቅልፉ ተስተካከለለት። እናትየውን መንገድ ላይ ሲያገኝ ግን እስከ መጨረሻው ቀና ብሎ ማየት አልሆነለትም።

ሁለተኛ ልብ ወለዱንም በታይፕ የጻፈችለት ዙሌካ ናት። የተተየበውን ተቀብሎ ከደብተሩ ጋር መስመር በመስመር አስተያየው። የተለወጠ ነገር እየፈለገ መሆኑን ያወቀው መሃል ላይ ሲደርስ ነው፤ አፈረ። እስከ መጨረሻው ገጽ ግን ፈለገ። አንዲት ቃል አልነካችም።